የካፖን ደብዳቤና የጎቲ ደብዳቤ፦ ከመክፈልዎ በፊት ፖስታውን ይመርምሩ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለገጣፎ ነው። ከአሜሪካ የተመለሰ አንድ ሰው ሁለት የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። አንዱን የቺካጎው የወንበዴ አለቃ አል ካፖን አልካትራዝ በሚባለው ወህኒ ቤት ታስሮ ሳለ የጻፈው ነው ይላል፤ አንድ ገጽ ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ ወረቀቱ ቡናማ ያለ፣ ቀኑ 1936፣ ፖስታ የለውም። ሌላው የኒው ዮርኩ የማፊያ አለቃ የጆን ጎቲ ነው፤ ሁለት ገጽ ቢጫ ባለመስመር ወረቀት ከነፖስታው፣ ባለ 32 ሳንቲም ቴምብር ያለበት፣ ማኅተሙ 1996 የሚል። ለሁለቱም ራሱ ያዘጋጀው ሰርተፊኬት አለው። ለካፖኑ 45 ሺህ፣ ለጎቲው 60 ሺህ ብር ጠይቆኛል። ልግዛ? ቤቴ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ቤተሰቦቼ ደግሞ ላሚኔት አስደርገህ ሳሎን ስቀለው ይሉኛል።»

መልስ፦ የካፖኑን ይተዉት። የጎቲው ግን ፖስታው አብሮት ስላለ ቢመረምሩት አይጎዳም። ላሚኔቱን ፈጽሞ አያስቡት። ምክንያቱን አንድ በአንድ ላስረዳ፤ መጨረሻ ላይ ከሚመጣው የአዋጅ ቁጥር በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊርማው ላይ ነው። አስመሳዩም ይህን ስለሚያውቅ ድካሙን ሁሉ የሚያፈሰው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራውን እሱ ካልደከመበት ቦታ ይጀምሩ፦ ከወረቀቱ ልክ፣ ከቀለሙ ዓይነት፣ ከቴምብሩ ዋጋ፣ ከእስረኛው ቁጥር፣ ከተቀባዩ ስም። የእጅ ጽሑፍ ማነጻጸር መጨረሻ የሚመጣ ሥራ ነው። አብዛኛው ሐሰተኛ ደብዳቤ እዚያ ሳይደርስ ይወድቃል።

ካፖን በታክስ ማጭበርበር 11 ዓመት ተፈርዶበት በ1932 አትላንታ ወህኒ ቤት ገባ። ወደ አልካትራዝ የተዛወረው በኦገስት 1934 ሲሆን እስከ ጃንዋሪ 1939 እዚያው ቆይቷል። ስለዚህ 1936 የሚለው ቀን በራሱ ስሕተት የለበትም። ጥያቄው ያለው እስክሪብቶው ላይ ነው። እኛ ቢክ የምንለው ባለኳስ እስክሪብቶ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው በኦክቶበር 1945 ነው። ያ ገጽ በቢክ የተጻፈ ከሆነ ካፖን በ1936 ሊጽፈው አይችልም፤ ሌላ ምርመራም አያስፈልገውም።

ለማወቅ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙባትን አሥር እጥፍ የምታጎላ መነጽር ይዋሱ። የቢክ መስመር ወረቀቱን ቦይ አድርጎ ይሰረጉደዋል። እጅ በሚታጠፍበት ቦታ መስመሩ ውስጥ ቀጭን ነጭ ጭረት ይታያል፤ ከመታጠፊያው ቀጥሎ ደግሞ ቀለሙ ጠብታ ሆኖ ይከማቻል። የቀለም ብዕር ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ በጠርዙ ይፈሳል፤ ጫፉ ሁለት ቅጠል ስላለው ሲጫኑት ሁለት ትይዩ ጭረት ይተዋል። በቢክም በብዕርም ያልተጻፈ፣ ይልቁንም በደቃቅ ነጠብጣብ የተሠራ መስመር ካዩ የፕሪንተር ሥራ ነው። የሌዘር ፕሪንተር ዱቄት ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ ያብረቀርቃል፤ ዙሪያውም የተበተነ ጥቁር ብናኝ አይጠፋውም።

ቀጥሎ ማስመሪያ ያውጡ። የአሜሪካ መደበኛ ወረቀት 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ አገር በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለው ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ነው። 210 በ297 የሆነ «የአልካትራዝ ደብዳቤ» ካጋጠመዎት ለሻጩ በትሕትና መልሰው ይስጡት። ጠርዙ የተቆረጠ ወረቀትም ይጠርጥሩ፤ መጠንን ለማስተካከል ወይም የፋብሪካ ምልክት ለማጥፋት ብዙ ጊዜ ጠርዝ ይቆረጣል።

ሦስተኛው መሣሪያ ሱቆችና ባንኮች የብር ኖት የሚፈትሹባት ሐምራዊ መብራት ናት። ወረቀት ነጭ እንዲመስል የሚጨመረው የሚያበራ ኬሚካል በወረቀት ፋብሪካዎች የተለመደው ከ1950 ገደማ ወዲህ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ መብራቷን ያብሩና ደብዳቤውን ከአንድ አዲስ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጎን ያስቀምጡ። አዲሱ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይፈካል። ደብዳቤውም እንደዚያው ከፈካ 1936 የተጻፈ አይደለም። ቡናማው ቀለም እንዳያታልልዎ፤ በሻይ ወይም በቡና ውኃ የተነከረ ወረቀት ገጹ ላይ ቢደበዝዝም፣ በጠርዙ ውፍረት ላይና ሻዩ በደንብ ባልደረሰባቸው ቦታዎች ብርሃኑ ይታያል። በዕድሜ የጠቆረ ወረቀት ከጠርዝ ወደ መሃል ቀስ እያለ እየቀለለ ይሄዳል፤ የተነከረው ግን ደመና መሰል እድፍ ይኖረዋል። ደግሞ ልብ ይበሉ፦ አለመፍካት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አሮጌ ባዶ ወረቀት ከድሮ መጽሐፍ ቀድዶ መጻፍ የታወቀ ዘዴ ነው።

ዋጋውም ራሱ ይናገራል። በ2016 ካፖን ከአልካትራዝ ለልጁ የጻፈው ደብዳቤ አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 62,500 ዶላር ተሽጧል። ያ ደብዳቤ ለቤተሰብ የተጻፈ ነው፣ በሙሉ ስሙ የተፈረመ ነው፣ 85 የሚለው የአልካትራዝ ቁጥሩም አለበት። በ2021 ደግሞ የልጅ ልጆቹ የአያታቸውን ዕቃ ሳክራሜንቶ ላይ በጨረታ ሲሸጡ አጠቃላይ ገቢው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ከእነዚህ በኋላ የካፖንን ደብዳቤ በ45 ሺህ ብር የሚሸጥ ሰው ዋጋውን ባያውቅ ነው ብለው ራስዎን አያጽናኑ። ሰርተፊኬት የሚያዘጋጅ ሰው ዋጋ ያውቃል።

አሁን ወደ ጎቲው እንምጣ፤ ብዙ ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ጎቲ በኤፕሪል 1992 ጥፋተኛ ተብሎ በጁን 1992 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። የእስር ዘመኑን አብዛኛውን ያሳለፈው ኢሊኖይ ውስጥ በሚገኘው በማሪዮን ወህኒ ቤት ሲሆን፣ ጁን 10 ቀን 2002 ሚዙሪ፣ ስፕሪንግፊልድ ባለው የፌዴራል እስረኞች ሆስፒታል ሞተ። በ1996 ከማሪዮን የተላከ ደብዳቤ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። ቀጥሎ ቴምብሩ። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደብዳቤ ዋጋ ከፌብሩዋሪ 1991 ጀምሮ 29 ሳንቲም ነበር፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ወደ 32፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1999 ወደ 33 ከፍ ብሏል። ስለዚህ በ1996 ማኅተም 32 ሳንቲም ትክክል ነው። በዚህ ብቻ አይርኩ። የዚያን ዘመን ብዙዎቹ የአሜሪካ ቴምብሮች ታችኛው ጥጋቸው ላይ በደቃቅ ቁጥር የታተሙበትን ዓመት ይዘዋል። በመነጽሯ ያንብቡት። ቴምብሩ 1997 ብሎ ማኅተሙ 1996 ካለ ቴምብሩ በኋላ የተለጠፈ ነው። የማኅተሙ ቀለም ከቴምብሩ ወደ ፖስታው ሳይቋረጥ መሻገሩንም ይዩ። ቴምብሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ መስመሩ ከተሰበረ ወይም ትንሽ ከተዛነፈ ሌላ ቴምብር ነቅሎ የተካ ሰው አለ።

በፖስታው ግራ ጥግ የላኪ አድራሻ መኖር አለበት፤ ከፌዴራል ወህኒ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ የእስረኛው ስምና ቁጥር ይጻፍበታል። የጎቲ ቁጥር 18261-053 ነው። የፊተኞቹ አምስት አሃዞች የራሱ ናቸው፤ የኋለኞቹ ሦስቱ ቁጥሩ የተሰጠበትን የፍርድ ቤት ወረዳ ያመለክታሉ፤ 053 ብሩክሊንን የሚያጠቃልለው የኒው ዮርክ ምሥራቃዊ ወረዳ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የእስረኛ መፈለጊያ አለ። ከ1982 ወዲህ በፌዴራል ወህኒ ቤት ያለፉትን ሁሉ በስምም በቁጥርም ያወጣል፤ ነጻ ነው፣ ከስልክዎ መክፈት ይችላሉ። የማሪዮን የፖስታ መለያ ቁጥር 62959 ነው። ለአሮጌዎቹ ደብዳቤዎችም ይህ መለያ ይጠቅማል፤ ባለአምስት አሃዙ ቁጥር የተጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1963 ስለሆነ ከዚያ በፊት የሆነ ፖስታ ላይ ካዩት ሐሰት ነው።

ይህ ሁሉ ቢገጥምም ገና አላለቀም፤ ምክንያቱም አንዱ የታወቀ ማጭበርበር እውነተኛ ፖስታ ውስጥ የተፈበረከ ደብዳቤ መክተት ነው። ጎቲ የላከው ባዶ ፖስታ ራሱን ችሎ ይገኛል፤ ውስጡን መሙላት የአጭበርባሪው ፋንታ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘውን ነገር ይፈልጉ። ደብዳቤው ውስጥ «ውድ እገሌ» ተብሎ የተጠራው ሰው ፖስታው ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይመሳሰላል? ቀኑ ከማኅተሙ በጥቂት ቀን ይቀድማል? ወረቀቱን በእጥፋቱ አጥፈው ፖስታው ውስጥ ያስገቡት። ረጅሙ የአሜሪካ ፖስታ 105 በ241 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሦስት የታጠፈ ወረቀት ይበቃዋል። እጥፋቱ ከፖስታው ልክ ጋር የማይገጥም ወረቀት ካገኙ ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ይጠርጥሩ። ለዓመታት አብረው የኖሩ ከሆነ የወረቀቱ ጠርዝ ፖስታው ላይ፣ የፖስታው ሙጫ መስመርም ወረቀቱ ላይ ፈዛዛ ጥላ ይተዋል።

ከዚያ ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን መብራት ወረቀቱ ጎን ላይ ያጋድሙት፤ ብርሃኑ ገጹን እየላሰ ይለፍ። እዚህ ሁለት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው እጥፋቱ ነው፦ ጽሑፉ ከእጥፋቱ በፊት ከተጻፈ መስመሩ በእጥፋቱ ላይ ቀለሙ ተሰንጥቆ ይለቃል። ወረቀቱ ከታጠፈ በኋላ ከተጻፈ ደግሞ ብዕሩ እዚያ ሲደርስ ይዘላል ወይም ቀለሙ በተሰበሩት ቃጫዎች ውስጥ ይሰራጫል። ሁለተኛው፣ ለእርስዎ ደብዳቤ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ የሁለተኛው ገጽ ገላ ነው። ቢጫው ባለመስመር ወረቀት ከደብተር የሚገነጠል ነው። ሰው በእስር ክፍሉ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ አንደኛውን ገጽ ሲጽፍ፣ እስክሪብቶው ሥር ያለውን ገጽ ይሰረጉደዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የአንደኛው ገጽ ቃላት ያለቀለም እንደ ጠባሳ ተቀርጸው ካገኙ፣ ሁለቱ ገጾች በአንድ ደብተር ላይ ተከታትለው መጻፋቸውን የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው። ከናሙና ላይ እያየ በየተናጠል ወረቀት የሚገለብጥ ሰው ይህን አይተውም። ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት።

እጅ ጽሑፉን የሚያነጻጽሩት ከፍርድ ቤት መዝገብና ከመዛግብት ቤት ከተገኘ ናሙና ጋር ብቻ ይሁን። የአልካትራዝ እስረኞች ፋይል ሳን ብሩኖ፣ ካሊፎርኒያ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ከቀረበ ደብዳቤ ጋር ማነጻጸር አደጋ አለው፤ አንዱ ሐሰተኛ የሌላው ሐሰተኛ ናሙና ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሲያነጻጽሩ አንድ ዓይነትነትን አይፈልጉ። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ልክ አንድ ዓይነት አይፈርምም፤ ሁለት ፊርማ ተደራርቦ ልክ ከሆነ አንዱ ተገልብጧል። መታየት ያለበት ፍጥነቱ ነው፦ ፊደል ከፊደል የሚያያዝበት መንገድ፣ የመስመሩ መጨረሻ ቀጥኖ እየበረረ መውጣቱ። በዝግታ የተሣለ መስመር ውፍረቱ አንድ ዓይነት ነው፣ መጨረሻውም ዱልዱም ነው።

ስለ ሰርተፊኬቱ፦ ሻጭ ለራሱ ዕቃ የሚጽፈው ሰርተፊኬት ምንም ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ከሽያጩ ጥቅም የሌለው ሦስተኛ ወገን የሰጠው ነው። በዚህ ሥራ የታወቁት የአሜሪካ ድርጅቶች ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤ እና ቤኬት ናቸው። የእነዚህ ወረቀት ከቀረበልዎ ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ከሚወጣው ፎቶ ጋር ዕቃውን መስመር በመስመር ያስተያዩ፤ እውነተኛ ቁጥር ሌላ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ሊሆን ይችላልና።

የጎቲው ደብዳቤ ይህን ሁሉ ካለፈ ውል ተጻጽፈው ይግዙ። ውሉ ደብዳቤውን በዝርዝር ይግለጽ (የገጽ ብዛት፣ ቀን፣ የመጀመሪያው መስመር ቃላት)፣ ሻጩ ከማን እንዳገኘው ይመዝገብ፣ በ90 ቀን ውስጥ በገለልተኛ መርማሪ ሐሰተኛ ከተባለ ሙሉ ገንዘቡ እንደሚመለስ ይጻፍ፣ ምስክሮች ይፈርሙበት። ክፍያው በባንክ ይሁን፤ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ከምርመራው በኋላ። ይህን አልፈርምም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል። ከማን እንዳገኘው ሲጠይቁ «ከአንድ ሰው» ብሎ የሚያልፍ ከሆነም እንደዚሁ። የእስረኛ ደብዳቤ ተቀባይ አለው፤ ተቀባዩ ማን ነው፣ ከእሱ እጅ እንዴት ወጣ የሚለው ሰንሰለት ነው ዋጋውን የሚሠራው።

ወደፊት ሌሎች ስሞች ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። የቦስተኑ ወንበዴ ዋይቲ በልጀር በ2011 ከተያዘ በኋላ ብዙ ደብዳቤ ጽፏል፤ ቁጥሩ 02182-748 ነው። ነገር ግን ዌስት ቨርጂኒያ ባለው ሄዘልተን ወህኒ ቤት በገባ ማግስት፣ ኦክቶበር 30 ቀን 2018 ስለተገደለ «ከሄዘልተን ጻፈ» የሚባል ደብዳቤ አይመኑ። አሜሪካ የታሰረው የሜክሲኮው አደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ኤል ቻፖ ጥብቅ የግንኙነት ገደብ ስላለበት ለማያውቀው ሰው የጻፈው ደብዳቤ አለ ቢባል ሊጠረጠር ይገባል፤ በእጁ የጻፋቸው ለዳኛው የቀረቡት የፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ናቸው፣ ለናሙናም ይጠቅማሉ። ከ1993 እስከ ሞተበት 2017 ታስሮ የነበረው የሲሲሊው የማፊያ አለቃ ሪና የተያዘው 41 ቢስ በሚባለው፣ ደብዳቤ በሚመረመርበት የጣሊያን ጥብቅ የእስር ሥርዓት ነበር። የኮሎምቢያው አደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ የኤስኮባር ከሆነ፣ ላ ካቴድራል ከተባለው ወህኒ ቤት የጻፈው ከጁን 1991 እስከ ጁላይ 1992 ባለው ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የጣት አሻራውን ደብዳቤ ላይ ያሳርፍ ስለነበር አስመሳዮች አሻራ መጨመር ይወዳሉ፣ የማን አሻራ እንደሆነ ግን ገዢው አያጣራም።

አሁን አቀማመጡ። ላሚኔት ማሽን ከመቶ ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሙጫ አቅልጦ ወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ያስገባል። መልሶ ማውጣት አይቻልም፣ ዕቃውም ለገበያ ይሞታል። ሳሎን መስቀልም አይሆንም፤ የቢክ ቀለም በብርሃን ቶሎ ይደበዝዛል፣ በእኛ ደጋ ደግሞ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ጥሩ የቀለም ኮፒ አሠርተው ያንን ይስቀሉ፤ ሳሎን የሚቀመጥ እንግዳ ልዩነቱን አያይም። ስካን ሲያደርጉ በ600 ዲፒአይ ያድርጉ፤ ፖስታውን ፊትና ጀርባውን አይርሱ።

ዋናውን ግልጽ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ግን የትኛውም ፕላስቲክ አይሆንም። ኪሱ ላይ ያለውን ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ይዩ፦ ውስጡ 5 ወይም 1 ካለ ይሆናል። 3 ካለ ፒቪሲ ነው፤ እንደ አዲስ የጠረጴዛ ላስቲክ የሚሸት፣ ከጊዜ በኋላ የሚለጣብቅና ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ ወደ ራሱ የሚነቅል። ስቴፕለር ካለበት እግሮቹን ከጀርባ በቀጭን ምላጭ ቀስ ብለው ከፍተው ያውጡት፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበሳዋል። ስኮች ካለበት ግን አይንኩት። አግራፍም አያድርጉበት።

ኪሱን ወፍራም ካርቶን መሃል አድርገው ክዳን ባለው ሣጥን፣ ሣጥኑንም በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ያኑሩ፤ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ከውጭው ግድግዳ የራቀ። ቆርቆሮ ክዳን ቤት በክረምት ሌሊት ላብ ያንጠባጥባል፤ ስለዚህ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አይሁን። ለወረቀት የሚመቸው እርጥበት ከ35 እስከ 50 በመቶ ነው። ከ65 ሲያልፍ ሻጋታ ይጀምራል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ የእኛ አየር ከ70 በላይ ይሆናል። ከጫማና ከቦርሳ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አጠራቅመው ሣጥኑ ውስጥ ይክተቱ፤ ትንሽ የእርጥበት መለኪያም አብራ ትቀመጥ። ከረጢቶቹ ሲጠግቡ በትንሽ እሳት መጥበሻ ላይ ያድርቋቸው። ብል እንዳይገባ ናፍታሊን መጨመር ብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ እርስዎ ግን አያድርጉ፣ ጢሱ ወረቀትና ፕላስቲክ ላይ ያርፋል። ዕጣን የሚጨስበትና ከሰል የሚቀጣጠልበት ክፍልም አይሁን፤ ጥላሸቱ ከዓመታት በኋላ በማንም እጅ አይጸዳም። የሻጋታ ሽታ ከመጣ ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ጥላ ባለበት፣ አየር በሚንቀሳቀስበት ክፍል ሁለት ቀን ያድርቁትና አፍንጫዎን ሸፍነው በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት።

ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ለመለጠፍ ካሰቡ የተቀባዩን ስምና አድራሻ ይሸፍኑ፤ ያ ሰው ወይም ቤተሰቡ አሁንም እዚያው ሊኖሩ ይችላሉ። ወረቀቱ የእርስዎ ቢሆንም ቃላቱ የጸሐፊው ናቸው፤ በአሜሪካ ሕግ ጥበቃው ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፣ በእኛ አዋጅ 410/1996 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደግሞ 50 ዓመት። ስለዚህ የጎቲን ደብዳቤ ሙሉ ቃል በመጽሐፍ ወይም በመጽሔት ማተም ፈቃድ ይጠይቃል። ውሉን፣ የድረ ገጹን የእስረኛ መረጃ ኅትመት፣ በጎን ብርሃን ያነሷቸውን ፎቶዎችና ስካኑን በአንድ ፋይል አድርገው ከደብዳቤው ተለይቶ በሌላ ክፍል ያስቀምጡ። የመለያ ጽሑፍ ካስፈለገዎት በእርሳስ ካርቶኑ ላይ ይጻፉ፤ ደብዳቤው ላይ ምንም አይጻፍ።